የባጃጅ ሹፌሩ እምቢታ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በኅዳር ወር፣ እጃጂ ውስጥ ፊዚክስ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ደረሰብኝ አልኩ እንጂ እውነቱን ለመናገር ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ የደረሰበት ሌላ ሰው ነው። የማልረሳውም ለዚህ ነው። በእኔ ጩኸት የተነሳ ምንም ያላጠፋ ሰው እጁ የኋሊት ሲታሰር ቆሜ አይቻለሁ።

ጩኸቱ ምን እንደነበር ለማስረዳት መጀመሪያ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ትራሽ ሜታል እወዳለሁ። ለማያውቀው ሰው፣ ጊታሩ እንደ ወፍጮ የሚፈጭበት፣ ድራሙ የሚጋልብበት፣ ዘፋኙ ደግሞ ከመዝፈን ይልቅ ከሰው ጋር የተጣላ የሚመስልበት ሙዚቃ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የዶርም ጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ ሰማሁት። የመጀመሪያ ቀን ራሴን አመመኝ። በሁለተኛው ቀን ጓደኛዬ ስታጠፋው “ለምን አጠፋሽው?” ብዬ ተቆጣኋት። በቃ፣ እንዲያው ሆኜ ቀረሁ። አምቦ ያለችው እናቴ እስከዛሬ “ያ የጋራዥ ሙዚቃሽ” ነው የምትለው።

በዚያን ጊዜ ፌስቡክ ላይ የምከታተለው አንድ የውጭ አገር ባንድ ነበር። አራት ወጣቶች ናቸው። እነሱ ሳይወለዱ ይሠራ የነበረውን የድሮውን የትራሽ ድምፅ ይዘው አዲስ አልበም እየቀዱ ነበር። ኮምፒውተር ያላሳመረው፣ አራቱም አንድ ክፍል ውስጥ ቆመው በአንድ ላይ የሚጫወቱት፣ ሲሳሳቱም ስህተቱን እንዳለ የሚተዉት ዓይነት አልበም።

በድሮዎቹ የትራሽ ዘፈኖች ውስጥ በጣም የምወደው ነገር አለ። ሙዚቃው በሙሉ ፍጥነቱ ሲሮጥ ቆይቶ ድንገት ቀጥ ይልና ብዙ ሰው በአንድ ድምፅ አንዲት ቃል ይጮኻል። ባንዱ ለመጨረሻው ዘፈን ይህንን ጩኸት ከአድማጮቹ መሰብሰብ ፈለገ። “አይሆንም የሚለውን ቃል በየቋንቋችሁ፣ ከሆዳችሁ ጩሁና ቀድታችሁ ላኩልን” አሉ። የት የት ቦታ ላይ እንደምንጮህ እንድናውቅ ሙዚቃውን ብቻ ላኩልን። አራት ክፍት ቦታ ነበረው።

እኔም ከእጃጂ እልካለሁ ብዬ ጻፍኩላቸው። ካርታ ላይ ፈልገው ያጧት መሰለኝ፣ “የከተማሽን ስም በትክክል ጻፊልን” አሉኝ። በትክክል ነው የጻፍኩት።

ቃሉን መምረጥ አላስቸገረኝም። በእናቴ ወገን አማርኛ፣ በአባቴ ወገን ኦሮምኛ እየሰማሁ ስላደግኩ ሁለቱንም እጮኻለሁ አልኩ፤ “እምቢ!” እና “ዲዴ!”። ያስቸገረኝ የት እንደምጮህ ነው። የተከራየሁት ቤት ግድግዳው ጎረቤት ሲያስነጥስ “ይማርህ” የሚያስብል ነው። አንድ ቀን አፌን ትራስ ውስጥ ቀብሬ ልሞክር አልኩ። ሁለተኛውን እምቢታ ሳልጨርስ አከራዬ በሩን በርግደው ገቡና ምንም ሳይጠይቁ በጆግ የያዙትን ጠበል አናቴ ላይ ገለበጡት። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ራት ስበላ አጠገቤ እየተቀመጡ ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ነበር።

ስለዚህ ከከተማ ወጣ ብዬ ለመጮህ ወሰንኩና ደረጀን አናገርኩት። ደረጀ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ የባጃጅ ሹፌር ነው። አርባ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፣ የሁለት ልጆች አባት ነው። ባጃጁን በየማለዳው እንደ ሕፃን ያጥባታል። ወሬ የሚባል ነገር አይወድም። ሰላምታው እንኳ ከመሪው ላይ ሁለት ጣት ማንሳት ናት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክፍለ ጊዜ አልነበረኝም። “ሰው የሌለበት ጸጥ ያለ ቦታ ውሰደኝ” አልኩት። በመስታወቱ አየኝ።

“ምን ልትሠሪ ነው ቲቸር?”

“ትንሽ ሥራ አለኝ። ግማሽ ሰዓት ብቻ ጠብቀኝ።”

“ልጮህ ነው” የምትል አንዲት ነገር ብጨምርበት ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ግን አፈርኩ። የተከበርኩ የፊዚክስ መምህርት ነኝ። ለባጃጅ ሹፌር “ጫካ ሄጄ ለመጮህ ነው” ተብሎ ይነገራል?

የነቀምቴን መንገድ ይዘን ጥቂት ከሄድን በኋላ ወደ ገጠር መንገድ ታጠፍን። ደረጀ ከአንድ ኮረብታ ሥር ቆመ። እኔ ባሕር ዛፎቹን አልፌ አናቱ ላይ ወጣሁ። ታች ሜዳው ላይ የደረሰ ጤፍ ተንጣልሎ ሰዎች እዚህም እዚያም እያጨዱ ነበር። ሩቅ ናቸው፣ አይሰሙኝም አልኩ። ድምፅ በነፋስ አቅጣጫ ሲሆን ርቆ እንደሚሰማ ለተማሪዎቼ ያስተማርኩት በዚያው ሳምንት ነው። ነፋሱ ደግሞ ከጀርባዬ ወደ ሜዳው ይነፍስ ነበር።

ስልኬን ጉቶ ላይ አስቀምጬ መቅጃውን ከፈትኩ። ሙዚቃውን የጫንኩበትን ትንሽ ኤምፒስሪ ማጫወቻ ኪሴ ከትቼ ማዳመጫውን ሁለቱም ጆሮዬ ውስጥ ወተፍኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሙዚቃው ሮጦ ሮጦ ሲቆም፣ “እምቢ!” አልኩ። ቀጥሎ “ዲዴ!” አልኩ። አምላኬ፣ እንዴት ደስ ይላል! ለሁለት ዓመት የታፈነ የመምህር ድምፅ ነው የወጣው። ከመጀመሪያው አስጀምሬ ደገምኩት። ሰለስኩት። ስንት ጊዜ እንደጮህኩ አላውቅም።

በመሐል አንድ ነገር ትከሻዬን ጨመደደኝ። ዓይኔን ስገልጥ ደረጀ ነው፤ ፊቱ አመድ መስሎ፣ እያለከለከ፣ ሁለት ክንዴን ይዞ ያርገፈግፈኛል። በድንጋጤ ጮህኩ። ይህኛው የእውነት ጩኸት ነበር፤ ከሁሉም የበለጠው እሱ ነው። ጨርሼው አፌን ስዘጋ ጉሮሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ያለ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ድምፄ ጭራሽ ጠፋ።

ማዳመጫውን ከጆሮዬ ሳወጣው ነው ሌላውን ጩኸት የሰማሁት። በዚያ አገር የድረሱልኝ ጩኸት ኢያ ይባላል። የሰማው ሰው ዝም አይልም፤ ለቀጣዩ ሰው እንዲደርስ እሱም ይጮኻል፣ እየጮኸም ይሮጣል። የእኔን እምቢታ ያጫጆቹ ቡድን ሰምቶ ለማዶው አቀብሎታል፣ ማዶው ከወንዝ ባሻገር ላለው አቀብሎታል። ኢያው ከኮረብታ ኮረብታ እየሄደ ሲርቅ ይሰማኝ ነበር። ሰዎቹ ደግሞ በተቃራኒው ወደ እኔ እየመጡ ነበር። ማጭድ የያዘ አለ፣ መንሽ የያዘ አለ፣ ዱላ የያዘ አለ። አንድ ሰውዬ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ጦር ይዟል።

ደርሰው ያዩት ይህንን ነው። ጸጉሯ የተበታተነ፣ ዓይኗ የፈጠጠ አንዲት መምህርት፤ ሁለት ክንዷን ጨምድዶ የያዘ አንድ ወንድ። እኔ ብሆንም ሌላ ነገር አላስብም ነበር።

ደረጀ ላይ ተረባረቡበት። “ላድናት ነው የመጣሁት! ጠይቋት!” ይላል። ማን ይስማው። እጁን የኋሊት አድርገው በገመድ አሰሩት። “ተዉት፣ ምንም አላደረገኝም!” ልል አፌን ከፈትኩ። “ህህህ” የሚል አየር ብቻ ወጣ። አዴ ብርቄ የሚባሉ ጠና ያሉ ሴት ነጠላቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው አቀፉኝ። “ዋይ ዋይ፣ አንቋታል! ኢንተላ ኮ፣ ልጄን፣ ጉሮሮዋን አንቋታል!” ብለው አለቀሱ። ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ። ይህንን ሲያዩ ጭራሽ ባሰባቸው፤ ያየችውን ማመን አቅቷት ነው አሉ።

መላ የመጣልኝ መሰለኝና በጣቴ ጉቶው ላይ ያለውን ስልክ አሳየኋቸው። ቅጂውን ቢሰሙ ሙዚቃ እየቀዳሁ እንደነበር ይገባቸዋል ብዬ ነው። አንድ ስልክ የሚያውቅ ሰውዬ አነሳውና ነካካው። የእኔ ድምፅ በኮረብታው ላይ ወጣ። ሙዚቃው እኮ በጆሮዬ ብቻ ነበር የሚሰማው፤ ስልኩ ላይ የለም። ያለው “እምቢ! ዲዴ! እምቢ!” ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ያ የእውነቱ ጩኸት።

ሕዝቡ “ኡ!” አለ። አንዱ ደረጀን በጥፊ አለው። በገዛ እጄ የማይገኝ ማስረጃ አቀረብኩበት። ደረጀ ከዚያ በኋላ መናገሩን ተወው። አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ከዚህስ ቢደበድቡት ይሻል ነበር። ሰው ሁሉ ወደሚያውቀው ከተማ አስረው በእግሩ ሊነዱት ነው፣ ለፖሊስ። ሚስቱ ልትሰማ ነው፣ ልጆቹ ሊሰሙ ነው። እኔ ደግሞ አጠገቡ ቆሜ አፌን እንደ ዓሣ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

በዚህ መሐል አንድ ሽማግሌ በፈረስ ደረሱ። ኦቦ ለሜሳ ይባላሉ። የአገሩ አስታራቂ ናቸው፤ ሰው ተጣልቶ ያለ እሳቸው አይታረቅም አሉ። “ዲሳ! ተዉ!” ሲሉ ሁሉም ዝም አለ። ከፈረሳቸው ወርደው ፊቴ ቆሙ።

“ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ነው ያስጮኸሽ?”

ራሴን ነቀነቅኩ፣ አይደለም።

“ጅብ ነው?”

አይደለም።

“እባብ አየሽ?”

አይደለም።

“ማሊ ሬ? ታዲያ ምንድን ነው?”

ምን ብዬ ላስረዳቸው? ድምፅ ቢኖረኝስ ምን እል ነበር? ማጫወቻውን ከኪሴ አውጥቼ አንደኛውን ማዳመጫ ሰጠኋቸው። ገልብጠው አዩት። ጆሯቸው ውስጥ ከተትኩላቸውና ዘፈኑን ከመጀመሪያው ለቀቅኩት።

መጀመሪያ ደንግጠው ነቅለው አወጡት። አዩት። ተመልሰው ራሳቸው ከተቱት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ማጭድና ዱላ የያዘው ሕዝብ ሁሉ ፊታቸውን ያያል። እኔ እግራቸውን ነበር የማየው፤ ቀኝ እግራቸው መሬቱን መምታት ጀመረ።

“ፈርደ” አሉ ቀስ ብለው። “ፈረስ ነው። ብዙ ፈረስ ነው፣ ይጋልባል። ይሄ ጉግስ ነው።” በወጣትነታቸው የታወቁ የጉግስ ፈረሰኛ እንደነበሩ በኋላ ነው የሰማሁት። ሙዚቃው ክፍት ቦታው ላይ ደርሶ ቀጥ ሲል ዓይናቸውን ገለጡ። “ቆሙ። ምን እየጠበቁ ነው?”

በጣቴ አፌን አሳየኋቸው።

“ገባኝ። ፈረሰኛው እዚህ ጋ ይፎክራል። አንቺ ፉከራውን ልትሞዪላቸው ነው የመጣሽው። ነው?”

አንገቴ እስኪቀነጠስ ነቀነቅኩ። ስለ ትራሽ ሜታል ብዙ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስከዛሬ አላጋጠመኝም።

ኦቦ ለሜሳ ወደ ደረጀ ዞሩ። “አንተስ ምን ልትሠራ ወጣህ?”

“ጩኸት ሰምቼ ነዋ።”

“ከእኛ ቀድመህ ነው የደረስከው?”

“ከሁላችሁም ቀድሜ።”

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። በእኛ አገር ኢያ ሰምቶ ቀድሞ የደረሰ ሰው ይመሰገናል አሉ። “እኛ ቀድሞ የደረሰውን ሰው አሰርነው” አሉ። ገመዱን ራሳቸው ፈቱት። ጎንበስ ብለው የይቅርታ መለመኛውን ለምለም ሣር ነጩ፤ ሌላውም ተከትሎ ነጨ። ያ ሁሉ ሰው ማጭዱን መሬት ላይ ትቶ፣ ሣር ይዞ፣ ደረጀ ፊት ቆመ። እኔም ሣር ይዤ መሐላቸው ቆምኩ። በመታው ሰውዬ ፊት ላይ እንባ ይወርድ ነበር። “ይቅር በለን” አሉ።

ደረጀ የታሰረበትን እጁን እያሻሸ አያቸው። ያ ሁለት ጣት ብቻ የሚያነሳ ሰው ደረቱን ነፋ።

“እምቢ!” አለ።

ኦቦ ለሜሳ ሣሩን ከፍ አድርገው ደግመው ለመኑት። “እምቢ!” አለ ደረጀ። አዴ ብርቄ ለመኑት። “እምቢ አልኩ!” አለ። እኔ ሣሬን ይዤ አንድ እርምጃ ወደ እሱ ስጠጋ ዓይኑን አፍጥጦ አየኝና ለአራተኛ ጊዜ፣ ድምፁ መሐል ላይ ተሰንጥቆ፣ “እምቢ!” አለ። ኮረብታው መለሰው። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶን ወረደ። የባጃጇ ድምፅ ሲርቅ ተሰማን። እኔን ትቶኝ ነው የሄደው፤ ደግ አደረገ።

እጃጂ የገባሁት በኦቦ ለሜሳ ፈረስ ላይ ተቀምጬ ነው። እሳቸው ልጓሙን ይዘው በእግራቸው፣ እኔ የአዴ ብርቄን ነጠላ ለብሼ ከላይ። ተማሪዎቼ መንገድ ዳር ቆመው አጨበጨቡልኝ። ለአንድ ሳምንት ድምፅ ስላልነበረኝ በሰሌዳ ላይ ብቻ እየጻፍኩ አስተማርኩ። በሥራ ዘመኔ ክፍሌ እንደዚያ ሳምንት ጸጥ ብሎልኝ አያውቅም።

የደረጀ ነገር ግን አያስቅም ነበር። ወሬ እንደምታውቁት ግማሹ ነው ቀድሞ የሚደርሰው። “ደረጀን ገጠር ውስጥ አስተማሪ ይዞ አሰሩት” የሚለው ከተማውን ሲሞላ፣ “ሊያድናት ሮጦ ነው” የሚለው መንገድ ላይ ቀረ። በማግሥቱ ቤቱ ሄጄ ለባለቤቱ በሹክሹክታ ሁሉንም ነገርኳት። “እኔ አልጠረጠርኩትም። ሰዉን ሁሉ ግን እንዲህ በጆሮው እየሄድሽ ልትነግሪው ነው?” አለችኝ። ደረጀ ከዚያ ወዲያ አልጫነኝም። ሌሎቹ ሹፌሮችም አብረውት አደሙብኝ። በእግሬ መሄድ ጀመርኩ።

በሳምንቱ አምቦ ቤተሰቦቼ ጋ ሄጄ ቅጂውን ከፍቼ አዳመጥኩት። የእኔ ጩኸት የታመመች ድመት ነው። ልሰርዘው ስል ሌላ ቅጂ እንዳለ አየሁ። ያ ስልኬን የነካካው ሰውዬ ሳያውቅ መቅጃውን እንደገና አስጀምሮት ኖሯል። ብዙ ቆየ፤ የሰው ጫጫታ፣ የፈረስ ማናፋት ይሰማል። ከዚያ የደረጀ እምቢታ መጣ። አራቱም። ጸጉሬ ቆመ። የታሰረ፣ የተመታ፣ የተዋረደ ሰው ከአንጀቱ ያወጣው ነው። እኔ የተጫወትኩትን እሱ የእውነት ነው ያለው።

ለሁለት ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። በሦስተኛው ቀን አንድ ኢንተርኔት ካፌ ገብቼ ላክሁት። ሳልጠይቀው። ይህ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው፤ አላስተባብልም።

ባንዱ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጻፈልኝ። ከብዙ አገር የመጣውን ጩኸት አንድ ላይ ቀላቅለናል፣ የዚህን ሰውዬ ድምፅ ግን መቀላቀል አልቻልንም አሉ። የአልበሙ መጨረሻ ላይ ጊታሩም ድራሙም ሌላው ጩኸትም ይቆምና እሱ ብቻውን ይቀራል። “ማን ነው?” አሉኝ። ስሙን ጻፍኩላቸው።

አምስት ወር በእግሬ ሄድኩ። ኦቦ ለሜሳ በገበያ ቀን እየመጡ ደረጀን ይለምኑት ነበር፤ እምቢታው ያው ነው። ፋሲካ ሲቃረብ አምቦ ፖስታ ቤት ጥቅል መጣልኝ። ሲዲው ነው። ሽፋኑ ላይ አፅም ትራክተር እየነዳ የሚታይበት ሥዕል አለ። ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ፣ ከታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ ደረጀ፣ እጃጂ ይላል።

ዘፈኑን ማጫወቻዬ ላይ አስጭኜ ሰኞ ጠዋት ባጃጅ ተራው ጋ ሄድኩ። ደረጀ መስታወት እየወለወለ ነበር። ሌሎቹ ሹፌሮች ሲያዩኝ ፊታቸውን አዞሩ። ማዳመጫውን ዘረጋሁለት።

“አንድ ጊዜ ስማልኝ። ከዚያ የፈለግከውን በለኝ።”

እጄን አየ። ከዚያ ተቀበለኝ። ዘፈኑ አምስት ደቂቃ ነው፤ አምስቱንም ደቂቃ ፊቱ ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ተጨማዶ ሰማው። መጨረሻው ጋ ሲደርስ የያዘው ጨርቅ ከእጁ ወደቀ።

“ይሄ እኔ ነኝ?”

“አንተ ነህ።”

“ማን ሰጣቸው?”

“እኔ ነኝ። ሳልጠይቅህ። ይቅርታ አድርግልኝ።”

“ድገሚው” አለኝ። ደገምኩት። “ድገሚው።” ሰለስኩት። ወረቀቱን ሰጠሁትና ስሙን በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ሹፌሮቹ ከበቡን። ማዳመጫውን እየተቀባበሉ ሰሙ። አንደኛው፣ “ቆይ፣ ለምንድን ነው እንዲህ የጮህከው?” ብሎ ጠየቀው።

ደረጀ ባጃጁን ተደግፎ ተናገረ። አምስት ወር ሙሉ አንድ ቃል ያልተነፈሰው ሰውዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወራው። ስጮህ መስማቱን፣ ቁልፉን እንኳ ሳይነቅል መሮጡን፣ ዳገቱ ላይ ወድቆ ጉልበቱ መላጡን። ጉልበቱ መላጡን እኔም ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ሲጨርስ ማንም አልሳቀም። አንዱ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ደረጀ ጨርቁን ከመሬት አነሳና የኋላውን ወንበር ጠረገልኝ።

“ግቢ ቲቸር። ክፍል ይረፍድብሻል።”

እስከ ትምህርት ቤት ድረስ አለቀስኩ። በመስታወቱ እያየኝ እንዳላየ ሆነ።

የዚያኑ ሳምንት የገበያ ቀን ኦቦ ለሜሳ ሲመጡ ደረጀ ራሱ ባጃጁ ውስጥ አስገብቶ አሰማቸው። ሽማግሌው ጨርሰው ሲሰሙ፣ “ፈረሱ ጥሩ ነው፣ ፈረሰኛው ግን የኛው ነው” አሉ። ተሳሳሙና ታረቁ። ሌላ ሽማግሌ አላስፈለገም።

አሁንም እጃጂ ነኝ፣ አሁንም ጠዋት የሚያደርሰኝ ደረጀ ነው። አልበሙ በፍላሽ ባጃጁ ላይ ተጭኗል። የሌላውን ዘፈን ስም አንዱንም አያውቅም፤ የመጨረሻውን ብቻ ነው የሚያጫውተው። ተሳፋሪ “ኧረ ይሄን የወፍጮ ቤት ድምፅ ዝጋው” ሲለው ሁለት ጣቱን ከመሪው ላይ ያነሳል። “ዝም በል፣ አሁን እኔ ልመጣ ነው” ይላል። ተሳፋሪው ግራ ገብቶት ዝም ይላል። ደረጀም ይመጣል። ከዚያ እስኪወርዱ ድረስ ታሪኩን ያወራላቸዋል፤ ሙሉውን።

እኔ አብሬ ተቀምጬ በሰማሁት ቁጥር አፍራለሁ፣ ደስም ይለኛል። ከቤተሰብ ርቄ ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ። ያን ቀን በከንቱ ጮህኩ፣ አንድ አገር ሙሉ ሰው አጨዳውን ጥሎ መጣልኝ። ስለዚህ አልፈራም። አንድ ቀን የምር ብጮህ ማን ቀድሞ እንደሚደርስልኝ አውቃለሁ። እሱ ግን ለዘፈን ከሆነ አስቀድሜ እንድነግረው አስምሎኛል።